«ፈርመሽ ውጪ» ሲሉሽ፦ የመጋዘን ጉድለትና ስንብት

ጥያቄ፦ ኮምቦልቻ ውስጥ በአንድ የልብስ ስፌት ፋብሪካ የመጋዘን ሠራተኛ ነኝ። በቆጠራ 62,000 ብር የሚያወጣ ጨርቅ ጎደለ። አለቃዬ በስልክ እያዘዘኝ ያለ ወጪ ደረሰኝ የሰጠሁት አለ። አሁን «ጉድለቱን አምነሽ ፈርሚ፣ መልቀቂያ አስገቢ፣ ከደመወዝሽ ይቆረጣል፤ ነገሩ እዚሁ ያልቃል» ይሉኛል። ደሴ ያለው አጎቴ ዋሴ ነው። ብፈርም ሌላ ቦታ እቀጠራለሁ?

መልስ፦ እህቴ፣ ወረቀቱን አትፈርሚ፤ መልቀቂያም አታስገቢ። በገዛ ፈቃድሽ ከለቀቅሽ «ያለአግባብ ተሰናበትኩ» ብለሽ የምትከሺበትን በር ራስሽ ትዘጊዋለሽ። የእምነት ወረቀቱ ደግሞ ነገ ፖሊስ እጅ ሊገባ ይችላል፤ ገንዘቡን መክፈልሽም ብቻውን ከወንጀል ክስ አያድንም።

ጉድለትና ስርቆት አንድ አይደሉም። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 በአንቀጽ 27 ያለማስጠንቀቂያ ከሚያሰናብቱ ጥፋቶች መካከል የአሠሪን ንብረት ለራስ ወይም ለሌላ ሰው ጥቅም ማዋልን፣ ማጭበርበርን፣ ሆን ብሎ ወይም በከባድ ቸልተኝነት ንብረት ላይ ጉዳት ማድረስን ይጠቅሳል። ቆጠራው ስላልገጠመ ብቻ ወስደሻል ማለት አይቻልም። ነገር ግን ያለ ደረሰኝ ማውጣትሽን አልሸፋፍንልሽም፤ በቸልተኝነት ሊያስጠይቅሽ የሚችለው እሱ ነው። ስለዚህ ትዕዛዙ ከአለቃሽ መምጣቱን ማስረዳት አለብሽ፦ የስልክ መልእክት ካለ አታጥፊ፤ ቀኑን፣ የጥቅሉን ቁጥርና ማን እንደተረከበ በራስሽ ደብተር ጻፊ። የፋብሪካውን የዕቃ መመዝገቢያ ካርድ ወይም ደረሰኝ ግን ይዘሽ እንዳትወጪ። ያለፈቃድ የአሠሪን ንብረት ማውጣት ራሱ የተከለከለ ነው።

ከዚያ ዳግም ቆጠራ አንቺ ባለሽበት እንዲደረግ በደብዳቤ ጠይቂ። ሁለት ቅጂ አዘጋጂ፤ አንዱ ላይ የተቀበለው ሰው ፈርሞና ቀን ጽፎበት ወደ አንቺ ይመለስ። በቆጠራው ሦስት ነገር አጥብቀሽ ተመልከቺ፦ ሥራ ስትጀምሪ የተፈረመ ርክክብ አለ ወይ፤ የመጋዘኑ ቁልፍ በስንት ሰው እጅ ነው፤ ጨርቁ በኪሎ ገብቶ በሜትር እየወጣ እንደሆነስ? የመጨረሻው ብዙ ጊዜ ይዘነጋል፤ ስሌቱ ሲዛባ ያልጠፋ ጨርቅ በወረቀት ላይ ይጠፋል።

ካሰናበቱሽ ምክንያቱንና ቀኑን በጽሑፍ መስጠት አለባቸው፤ ያለማስጠንቀቂያ የማሰናበት መብታቸውም ምክንያቱን ካወቁበት ቀን አንስቶ በ30 የሥራ ቀን ያልፋል። ወደ ሥራ ልመለስ የሚለው ክስ በ3 ወር፣ የክፍያ ጥያቄ በ6 ወር ይቃጠላል። ሠራተኛ ለሥራ ክርክር ችሎት የዳኝነት ክፍያ አይከፍልም። ከደመወዝ የሚቆረጠው በሕግ፣ በኅብረት ስምምነት፣ በሥራ ደንብ፣ በፍርድ ቤት ትዕዛዝ ወይም በጽሑፍ ስምምነትሽ ነው፤ ያም ከወር ደመወዝሽ ሲሶ መብለጥ የለበትም። «ይቆረጥ» የሚለውን ፈርሚ የሚሉሽ ለዚህ ነው።

አጎትሽ የዋስትናውን ውል ቅጂ አውጥቶ ያንብብ። በፍትሐ ብሔር ሕጉ መሠረት የገንዘቡ ጣሪያ ያልተጻፈበት ዋስትና አይጸናም፤ ከተጻፈም ከዚያ በላይ አይጠየቅም።

ፖሊስ ከጠራሽ ሂጂ፤ ጠበቃ ሳታማክሪ ግን ቃል አትስጪ፣ ዝም የማለት መብት አለሽ። ብትያዢ በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት መቅረብ አለብሽ።

ስለ ቅጥሩ፦ የሥራ ልምድ ማስረጃው የሥራሽን ዓይነት፣ የአገልግሎት ዘመንሽንና ደመወዝሽን የሚገልጽ ነው፤ በነፃ ይሰጥሻል። ቀጣዩ ቀጣሪ ለምን ወጣሽ ቢልሽ «በቆጠራ ልዩነት ተከራክረናል፤ ውሳኔው ይኸው» በዪ። ይህን ለማለት ግን መጀመሪያ መከራከር ይኖርብሻል። ደብዳቤውን ነገ ጠዋት አስገቢ።