ፕሪአምፕ የሌለበት ሲዲ፦ ቅዳሜ ከሰዓት የተጠየቅኩት

ቅዳሜ ፒያሳ ቡና እየጠጣን ሳለ «የሲዲ ማጫወቻዬን ከፓወር አምፕሊፋየሩ ጋር በቀጥታ ነው ያገናኘሁት፣ ፕሪአምፑን ለዘመድ ሰጠሁት» የሚል ነገር አመለጠኝ። ፕሪአምፕ ማለት በሲዲውና ስፒከሩን በሚያንቀሳቅሰው ፓወር አምፕሊፋየር (አምፑ) መሐል የሚቀመጠው፣ ቮሊዩምና ባስ መጨመሪያ ያለበት ሣጥን ነው። ከዚያ በኋላ ጠያቂው አላስጠጣኝ አለ። ከመካከላችሁ ያልነበራችሁም ስለጠየቃችሁኝ መልሱን እንደመጣ ጽፌዋለሁ።

ጋሼ፣ ፕሪአምፕ ከሌለ ድምፁን ማን ያጎላዋል? ደክሞ አይሰማም?

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። የሲዲ ማጫወቻ በሙሉ ድምፁ 2 ቮልት ገደማ ያወጣል። የእኔ አምፕሊፋየር 50 ዋት ነው፤ በ8 ኦም ስፒከር ላይ ይህ 20 ቮልት ማለት ነው። የገባለትን 20 እጥፍ ስለሚያሳድግ ለሙሉ ጉልበቱ 1 ቮልት ይበቃዋል። ሲዲው 2 ቮልት ሲሰጠው «40 አውጣ» እያለው ነው። ከየት ያመጣል? የሞገዱ ጫፍ ይቆረጥና ድምፁ ይሻክራል።

ደግሞ ሳሎን ቁጭ ብሎ ለሚያዳምጥ ሰው 1 ዋት ብዙ ነው። 1 ዋት ስፒከሩ ላይ 2.83 ቮልት፣ መግቢያው ላይ 0.14 ቮልት ነው። ስለዚህ የሲዲውን 2 ቮልት 14 ጊዜ ያህል ማሳነስ አለብህ። የጎደለህ ጉልበት አይደለም፣ ፍሬን ነው።

የኔ ሲዲ ሪሞቱ ላይ ቮሊዩም አለው። አይበቃም?

ሊበቃ ይችላል። ጀርባውን እይ፤ አንዳንዱ ሁለት ጥንድ መውጫ አለው፣ አንዱ ቋሚ፣ ሌላው የሚቀነስ። የሚቀነሰውም ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው ውስጡ በትንሽ ሞተር የሚዞር እውነተኛ ቮሊዩም አለው፤ እሱ ጥሩ ነው። ሌላው ድምፁ የተጻፈበትን ዲጂታል ቁጥር ነው የሚያሳንሰው። ሲዲ እያንዳንዱን ቁጥር የሚጽፈው በ16 ቢት ነው፤ ድምፁ በቀነሰ በየ6 ዴሲቤሉ አንድ ቢት ያህል ይሄዳል። 14 ጊዜ ማሳነስ 23 ዴሲቤል ስለሆነ በአሮጌ ማሽን ወደ 4 ቢት ሊበላብህ ነው። በጭፈራ ዘፈን ላይ ላታውቀው ትችላለህ። በገና ላይ ግን ጅማቱ ከተመታ በኋላ ያ ንዝረቱ እየከሰመ ሲሄድ መጨረሻው ሻካራ ሆኖ ይሰማሃል። ቁጥሩን የሚያሳንሰው ክፍል ከ16 ቢት በላይ የሚሠራ አዲስ ማሽን ከሆነ ግን ብዙ አትጨነቅ።

ከዚህ ይልቅ አንድ ነገር ፈትሽ፦ አምፑን አጥፍተህ የሲዲውን ሶኬት ንቀልና መልሰህ ሰካ። ቮሊዩሙ የነበረበት ቦታ ላይ ነው ወይስ ጣሪያው ላይ ወጥቷል? ጣሪያ ላይ ከወጣ በጭራሽ በቀጥታ አታገናኘው።

መብራት ሲጠፋና ሲመጣ ችግር የለውም?

ዋናው ችግር ይሄ ነው፤ እኔም የተማርኩት ከፍዬ ነው። አንድ ምሽት ሙዚቃ እየሰማሁ መብራት ሄደ። ምንም ሳላጠፋ ተኛሁ። ከሌሊቱ 8 ሰዓት ላይ መብራት ሲመጣ ሳሎን ውስጥ በር በእርግጫ የተመታ የሚመስል «ዱብ!» ሰማሁ። ጠዋት የትልቁን ስፒከር ሸራ በአራት ጣቴ ቀስ ብዬ ስገፋው ከውስጥ ክርር ይላል። ጥቅሉ ከቦታው ወጥቶ ከብረቱ ጋር ይፋተጋል።

የሆነው እንዲህ ነው። ማጫወቻው ሲነሳ መውጫው ለአፍታ ይንቀጠቀጣል። ጥሩ ማሽን እስኪረጋጋ ድረስ በሪሌ (በኤሌክትሪክ በሚሠራ ማብሪያ) ይዘጋዋል፣ የእኔ አልዘጋውም። አምፑ ደግሞ ማብሪያው እንደተጫነ ስለነበር ያችን ንቅናቄ 20 እጥፍ አድርጎ ለስፒከሩ ሰጠው። ፕሪአምፕ ቢኖር ቮሊዩሙ ዝቅ ስለሚል አብዛኛው እዚያው ይቀር ነበር።

ስለዚህ ሲበራ ሲዲው ይቀድማል፣ አምፑ ይከተላል። ሲጠፋ አምፑ ይቀድማል። መብራት በሄደ ቁጥር፣ ሻማ ከመፈለግህ በፊት፣ የአምፑን ማብሪያ አጥፋ። ሁሉንም አንድ ዲቫይደር ላይ ሰክታችሁ በአንድ ማብሪያ የምታበሩ ሰዎች፣ ለናንተ ፕሪአምፕ ይሻላችኋል።

በሲዲውና በአምፑ መሐል ፍሬን ያደረግከው ያ ቆርቆሮ ሣጥንህ ውስጥ ምን አለ?

የሻይ ቆርቆሮ ነው። ውስጡ ባለ 10 ኪሎ ኦም የስቴሪዮ ቮሊዩም፣ አራት የቀይና ነጭ ሶኬት፣ ጥቂት ሽቦ። ሌላ የለውም፣ ኤሌክትሪክም አይፈልግም። ብረት መሆኑ ጥቅም አለው፤ ከግራውንዱ ጋር በካውያ ከበየድከው ከውጭ የሚመጣውን ጉምጉምታ ይከላከላል።

መርካቶ ስትገዛ «ቮሊዩም ስጠኝ» ብቻ አትበል። ሎጋሪዝሚክ (መጀመሪያ ላይ ቀስ እያለ የሚጨምር) መሆን አለበት። ቀጥተኛው ከሆነ ገና ትንሽ ስታዞረው ቤቱን ያናውጠዋል፣ የቀረው ዙር ምንም አይጨምርም። ላዩ ላይ የተጻፈውን አትመን፤ ቴስተር ይዘህ ሂድ። መሐል ላይ አቁመህ ከግራውንዱ ጫፍ እስከ መሐለኛው እግር ለካ። 5 ኪሎ ኦም ገደማ ካሳየ ቀጥተኛ ነው፣ መልስለት። ከ1 እስከ 1.5 ገደማ ከሆነ ክፈል።

ባለ 100 ኪሎ ብቻ ነው ያገኘሁት፤ ያው አይደለም?

አይደለም። ቮሊዩም ወደ አምፑ በሚሄደው ገመድ በኩል የሚያሳየው ትልቁ የውስጥ ኦም የራሱ አንድ አራተኛ ነው። የ10 ኪሎው 2.5 ይሆናል፣ የ100ው 25። የሦስት ሜትር ገመድ ቻርጅ የመያዝ አቅም 300 ፒኮፋራድ ሊሆን ይችላል፤ ከ25 ኪሎ ኦም ጋር ሲገናኝ 21 ኪሎ ኸርዝ አካባቢ ላይ መቁረጥ ይጀምራል፣ የጸናጽሉ ጥራት ይደበዝዛል። በ10 ኪሎው ግን ከ200 ኪሎ ኸርዝ በላይ ነው፣ ጆሮህ አይደርስበትም። ሣጥኑን ከአምፑ አጠገብ አድርገህ ከሣጥኑ ወደ አምፑ የሚሄደውን ገመድ አሳጥረው።

እውነት ድምፁ ይሻላል?

ትንሽ። «ልዩነቱ ሰማይና ምድር ነው» የሚሉ ሰዎች አብዛኞቹ ሁለቱን እኩል ድምፅ ላይ አድርገው አላወዳደሩም። ጮክ ያለው ሁሌ ያማረ ይመስላል። እኔ የወደድኩት ዝምታውን ነው፤ አሮጌው ፕሪአምፕ በዘፈኖች መሐል ይጨምር የነበረው ሹክሹክታ ጠፋ።

ሸክላ ማጫወቻስ እንዲሁ ማድረግ ይቻላል?

አይቻልም። መርፌው የሚሰጠው 5 ሚሊቮልት አካባቢ ነው፤ ሸክላው ሲቀረጽ ባሱ ተቀንሶ ቀጭኑ ድምፅ ስለተጨመረ የሚያስተካክል ሰርኪዩትም ይፈልጋል። ስልክ ግን ይሆናል።

ወንድሜ ከአሜሪካ ፓወር አምፕ ሊያመጣልኝ ነው፤ እቀበለው?

ጀርባው ላይ 120 ቮልት ብቻ የሚል ከሆነ በእኛ 220 ላይ እንዳትሰካው። ዋቱን የሚችል ማውረጃ ትራንስፎርመር ግዛ። የቮልት መቀየሪያ ካለው፣ ከመሰካትህ በፊት ቀይረው። ከጃፓን የሚመጣው ደግሞ 100 ነው።

ሲዲውና አምፑ ሲገናኙ እምም የሚል ድምፅ መጣብኝ።

ሁለቱንም ከአንድ ሶኬት ሞክር። የድምፅ ገመዱን ከኤሌክትሪክ ገመዱ አርቀው። ኧርዙን ለመቁረጥ እንዳትሞክር፣ እሱ ያለው ለነፍስህ ነው።

ባስ መጨመሪያውስ የት ይሆናል?

የለም፣ ከፕሪአምፑ ጋር ሄዷል። እኔ ስፒከሮቹን ወደ ግድግዳው ሁለት ስንዝር አስጠጋኋቸው። ያ ያልበቃው ሰው ፕሪአምፑን ለዘመድ አይስጥ።