ጠመንጃዬ እንደ መስታወት ያበራል፦ ጥያቄና መልስ

አንድ ቀን ጠዋት ለአደን ወጥተን፣ ፀሐይ ከጀርባዬ ሆና፣ ማዶ ተዳፋቱ ላይ የተቀመጠውን ጓደኛዬን በዓይኔ ስፈልግ አጣሁት። ልብሱም ቆቡም ከቁጥቋጦው ጋር ተመሳስሏል። ጠመንጃውን ከትከሻው አውርዶ ጭኑ ላይ ሲያጋድመው ግን ብልጭ አለ። ሰውየውን ሳላይ ጠመንጃውን አየሁት። ይህን ካወራሁ ወዲህ የጠመንጃን ብልጭታ ስለማደብዘዝ ጥያቄ በዝቶብኛል፤ እስቲ አንድ ላይ ልመልስ።

መጀመሪያ ግን አንድ ነገር። ብሩሽም ሆነ ጨርቅ ከማንሳታችሁ በፊት ካዝናውን አውጡ፣ ቦልቱን (የጥይት ቤቱን ከኋላ የሚዘጋውን ተንቀሳቃሽ ብረት) ንቀሉ፣ የጥይት ቤቱን በዓይንም በጣትም ፈትሹ። ጥይቶቹ እናንተ በምትሠሩበት ክፍል ውስጥ ባይኖሩ ይመረጣል።

ጥያቄ፦ ግን እውነት ለአጋዘን ይህን ያህል መጨነቅ ያስፈልጋል?

መልስ፦ እንደ አደንህ ነው። የአጋዘን ዓይን ቀለም የሚለይበት ሁለት ዓይነት ተቀባይ ብቻ ነው ያለው፤ የእኛ ሦስት ነው። ቀይና ብርቱካናማ ለእሱ ደብዘዝ ያለ ነገር ነው። ብርቱካናማ ሰደርያ ለብሰህ አድነህ የሚቀናህም ለዚህ ነው። ብልጭታ ግን የቀለም ጉዳይ አይደለም። ድንገት የሚመጣ ብርሃን ነው፤ ደግሞ አንተ ስትንቀሳቀስ አብሮህ ይንቀሳቀሳል። እንቅስቃሴን ደግሞ በደንብ ያያል። ጥላ ውስጥ ተቀምጠህ የምትጠብቅ ከሆነ ግን ተወው፣ አትድከም።

ጥያቄ፦ ሰደፉ በቫርኒሽ ያብለጨልጫል። እንጨቱን ሳላበላሽ እንዴት ላደብዝዘው?

መልስ፦ ይሄ ቀላሉ ነው። የእንጨቱ ብልጭታ ያለው ከላይ፣ ቫርኒሹ ፊት ላይ ነው። ፊቱን በጥቃቅን ጭረት ብትሞላው ብርሃኑ በአንድ አቅጣጫ መመለሱን ትቶ ይበተናል። ሥራው ይኸው ነው።

በትንሽ ሳሙና በረጠበ ጨርቅ ጥረገውና አድርቀው። ሰም ወይም የእጅ ቅባት ካለበት ሥራህ ዝንጉርጉር ይወጣል። ከዚያ አራት ዜሮ የሚባለውን የብረት ሱፍ ያዝ። የዕቃ ማጠቢያ ሽቦ አላልኩም! አራት ዜሮ እጅህ ላይ እንደ ጥጥ ነው የሚለሰልሰው። የእንጨቱን መስመር ተከትለህ፣ ሳትጫን፣ ረጅም ረጅም አድርገህ እሽ። ክብ አትሥራ፤ ክቡ ፀሐይ ላይ ይታያል። አሥር ጊዜ ያህል አሽተህ ጥረግና በመስኮት ብርሃን አግድመህ እየው። የሚወጣው ብናኝ ነጭ እስከሆነ ድረስ ቫርኒሹ ላይ ነህ። የእንጨት ቀለም ከያዘ አልፈሃል፤ አቁም። ጠርዝ ላይ ቫርኒሹ ስስ ስለሆነ መጀመሪያ የሚያልፈው እዚያ ነው።

መያዣው ላይ ያለውን ጥርስ ጥርስ ቅርጽ በወረቀት ፕላስተር ሸፍነው። እኔ የመጀመሪያ ጠመንጃዬን ሳልሸፍን አሽቼ ጫፍ ጫፉን አዱልዱሜዋለሁ፤ እስከ ዛሬ በያዝኩት ቁጥር ጣቴ ያስታውሰኛል። ስትጨርስ ማግኔት በጨርቅ ጠቅልለህ ላዩ ላይ አሳልፍ። የቀረች የብረት ፀጉር ካለች ትዝግና እንጨቱን ታጠቁረዋለች። ሰም ደግሞ እንዳትቀባ፤ የገደልከውን ብልጭታ ታስነሳዋለህ።

ጥያቄ፦ የእኔ ቫርኒሽ ሳይሆን የተልባ ዘይት የጠጣ ነው።

መልስ፦ እንዲያውም ይቀልሃል። ያንኑ የብረት ሱፍ ጠብታ ዘይት አስነክተህ እሽና ትርፉን ጠርገህ አውጣ። የጠረግክበትን ጨርቅ ግን ጨምድደህ ጥግ ላይ አትጣል። የተልባ ዘይት ሲደርቅ ይሞቃል፣ የተከመረ ጨርቅ ደግሞ ሙቀቱን ይዞ ራሱን በራሱ ሊያቀጣጥል ይችላል። ዘርግተህ ደጅ አድርቀው።

ጥያቄ፦ በርሜሉንስ በዚያው በብረት ሱፍ ባሸው?

መልስ፦ ተው! እዚህ ላይ ነው ብዙ ሰው የሚሳሳተው። ጥቁር ሰማያዊው የብረት ቀለም ብሉዊንግ ይባላል፤ በጣም ስስ የብረት ኦክሳይድ ነው። ራሱ አያበራም። የሚያበራው ከሥሩ ያለው፣ ቀለሙ ከመያዙ በፊት እንደ መስታወት የተወለወለው ብረት ነው። ስለዚህ ላዩን ስታሸው ብልጭታው አይሄድም፣ ቀለሙ ነው የሚሄድ። ነጫጭ ቦታ ይወጣልሃል፣ ቀጥሎ ዝገት። ባለሙያዎች ዘይት አስነክተው ትንሽ ዝገት በስሱ ሲያነሱበት አይተህ ይሆናል፤ ያ ሌላ ጉዳይ ነው።

ትክክለኛው መንገድ አሮጌውን ቀለም አንስቶ፣ ብረቱን ጥቃቅን የብርጭቆ እንክብል በአየር ግፊት እየረጩ አደብዝዞ፣ እንደገና ብሉዊንግ ማድረግ ነው። ይህ የጠመንጃ ባለሙያ ሥራ ነው፤ በጓዳ አይሞከርም። ደብዛዛ ብረት ዘይት በደንብ ይይዛል። ካልቀባኸው ግን እርጥበትም ይይዛል።

ጥያቄ፦ በስፕሬይ ቀለም ብቀባውስ?

መልስ፦ ይቻላል፤ ብዙ ሰው ያደርገዋል። ቅባቱን በደንብ አስለቅቅ፣ ስስ ስስ አድርገህ ደጋግመህ ርጭ። የአፈሙዙን ቀዳዳ፣ የጥይት ቤቱን፣ ምላጩንና የሚንቀሳቀስ ነገር ሁሉ ሸፍን። መለያ ቁጥሩም ቀለም አይንካው፤ ቁጥሩ የማይነበብ ጠመንጃ ይዘህ ከሕግ ጋር መነታረክ አትፈልግም። የበርሜል ማጽጃ ፈሳሽ ቀለሙን እንደሚያነሳውም እወቅ። ከዚህ የሚጠነክረው ሴራኮት የሚባለው በሙቀት የሚጠነክር ቅብ ነው። ግን ብረቱ መጀመሪያ በአሸዋ መሰል ብናኝ ይመታል፣ የተለመደው ዓይነት ደግሞ 120 ዲግሪ ሴልሺየስ አካባቢ ለ2 ሰዓት ይጋገራል። እንጨቱና የማነጣጠሪያ መነጽሩ አብረው ምድጃ እንደማይገቡ መቼም ታውቃለህ።

ጥያቄ፦ ልጄ፣ የኔ የአባቴ ጠመንጃ ነው። ብልጭታው አስቸገረኝ፣ ግን እጄ እምቢ አለኝ።

መልስ፦ እጅዎ ልክ ነው አባቴ፣ አይንኩት። የቆየ ጠመንጃ የመጀመሪያ ቅቡ ከተነሳ አይመለስም፤ ዋጋውም ይወርዳል። ማጣበቂያ የሌለው፣ እርስ በርሱ ብቻ የሚጣበቅ የጨርቅ ጥቅል አለ፤ በርሜሉንና ሰደፉን በሱ ይጠቅልሉት። ማታ ሲገቡ ግን ይፍቱት። ጤዛ የጠጣ ጨርቅ ብረት ላይ አድሮ ጠዋት ቡናማ ነጥብ ይዞ ይጠብቅዎታል። እኔም ብሆን ከሁሉ በፊት የምሞክረው ይህንን ነው፤ ቢበዛ የሚያስከፍለው ጥቅሉን መፍታት ነው።

ጥያቄ፦ የማይዝግ ብረትስ?

መልስ፦ እሱ ላይ የሚላጥ ቀለም ስለሌለ በናይለን ማሻ በአንድ አቅጣጫ ብታሸው ይደበዝዛል። የብረት ሱፍ ግን አይሆንም፤ ብናኙ ተሰንቅሮ ቀርቶ ይዝግበታል።

ጥያቄ፦ ሁሉን አደብዝዤ መነጽሩ ብልጭ ይላል።

መልስ፦ መስታወቱ ላይ ምንም አትቀባ። ፊቱ ላይ የሚጠለቅ ጥላ ሰጪ ቱቦ ወይም እንደ ማር እንጀራ ቀዳዳ ቀዳዳ ያለው ክዳን አድርግለት።

ጥያቄ፦ ጭቃ ብለቀልቀውስ?

መልስ፦ ቦልቱ ውስጥ አሸዋ ሲንኮሻኮሽ መስማት ካማረህ።

ጥያቄ፦ አምና ሰደፉን አደብዝዤ፣ ዘንድሮ ጉንጬ የሚያርፍበት ቦታ እንደገና አበራ። ምን አጠፋሁ?

መልስ፦ ምንም። ቆዳና ላብ ቀስ በቀስ ይወለውሉታል። መለስ መለስ አድርገህ እሸው። ነገር ግን በእያንዳንዱ ጊዜ ቫርኒሹ ይሳሳል፤ አንድ ቀን እንደገና መቀባት ይመጣል። ያኔ ደብዛዛ ቫርኒሽ ግዛና ከመቀባትህ በፊት ጣሳውን እስከ ሥሩ በደንብ አማስለው። የሚያደበዝዘው ዱቄት ታች ይዘቅጣል፤ ሳያማስል የቀባ ሰው አብረቅራቂውን ሰደፉ ላይ ቀብቶ ደብዛዛውን ጣሳው ውስጥ ይተወዋል።