መልስ፦ ኒንጃ 400 ላይ መጀመሪያ ምን ልቀይር?

ወንድሜ፣ ያገለገለ የ2019 ካዋሳኪ ኒንጃ 400 ሞተርሳይክል ገዝተህ «800 ዶላሬን ማርሚታ (የጭስ ማውጫ) ላይ ላውለው ወይስ ሌላ ነገር ላይ?» ብለሃል። ማርሚታውን ተወው። የማርሚታውን የኋላ ጫፍ ብቻ ብትቀይር የምታተርፈው ድምፅና ትንሽ የክብደት ቅናሽ ነው፤ ጉልበቱ ያው የ399 ሲሲ ጉልበት ነው። ጎረቤቶችህም ይመርቁሃል።

መጀመሪያ ጎማውን እየው። ጎኑ ላይ ዲኦቲ (DOT) ብሎ ከሚጀምረው ኮድ መጨረሻ አራት አሃዝ ታገኛለህ፤ 2319 ከሆነ በ2019 በ23ኛው ሳምንት ተሠርቷል ማለት ነው። ጥርሱ ባያልቅም ላስቲኩ በዕድሜ ይደርቃል። እኔ የመጀመሪያ ሞተሬን ስገዛ ጥርሱን አይቼ «አዲስ ነው» ብዬ ነበር፤ እርጥብ አስፋልት ላይ ኩርባ ስገባ ነው ዕድሜው የገባኝ። ስለዚህ ጥሩ ጥንድ ጎማ ግዛ። የፍሬን ዘይቱንም ቀይር፤ እርጥበት ስለሚስብ በየሁለት ዓመቱ መቀየር አለበት።

ከዚያ የሚተርፍህን የፊት ሹካው ላይ፣ ማለትም የፊት ጎማውን ግራና ቀኝ የሚይዙት ባለሞላ ዘንጎች ላይ አውለው። የዚህ ሞተር የፊት ሹካ ማስተካከያ የለውም፣ ሞላውም ለስላሳ ነው፤ ከበድ ያልክ ሰው ከሆንክ ፍሬን ስትይዝ አፍንጫው ድፍት ይላል። ለክብደትህ የሚሆን ሞላ ከአዲስ የሹካ ዘይት ጋር ስታስገባ ሌላ ሞተር የነዳህ ይመስልሃል። የኋላው ሞላ ግን ይስተካከላል፤ እሱ በነፃ ነው፣ ዛሬውኑ ሞክረው።

ክብደትህ ስንት ነው? ከነጃኬትህና ከነሄልሜትህ ተመዝነህ ጻፍልኝ።