መኪና ዝቅ ማድረግ እንጀራ ይሆናል? ለደብረ ማርቆሱ መካኒክ

ሰላም ወንድሜ፣

ደብዳቤህ ደርሶኛል። ለሌሎች አንባቢዎች ነገሩን ባጭሩ ላስረዳ። ጸሐፊው ደብረ ማርቆስ ነው። አውቶሞቲቭ ደረጃ 4 ጨርሶ፣ የሙያ ብቃት ምዘናውን (ሲኦሲ) አልፎ፣ አንድ ጋራዥ ውስጥ በረዳትነት ይሠራል። ሰሞኑን ቪትዝና ኮሮላ የያዙ ወጣቶች «ዝቅ አድርግልን» እያሉ ይመጣሉ። አሠሪው ሞላውን አውርዶ በግራይንደር ቆርጦ መልሶ መግጠም አሳይቶታል። ሥራው በግማሽ ቀን ያልቃል፤ ክፍያውም ደህና ነው። ልጁ ሁለት ነገር ይጠይቃል። «ጋሼ፣ ባሕር ዳር ሄጄ በዚህ ሥራ ብቻ ቤት ልክፈት? ደግሞስ ዝቅ ያለ መኪና እውነት መሬት ይቆነጥጣል ወይስ ለዓይን ብቻ ነው?» ሞላ አልቆርጥም ቢል አሠሪው እንዳያባርረው መስጋቱንም ጽፏል።

ከሁለተኛው እጀምራለሁ። ወደ ምክር ሥራ ከመግባቴ በፊት አውቶሞቲቭ አስተምር ስለነበር ትንሽ ብዘረዝር አትፍረድብኝ።

ዝቅ ማድረግ ጥቅም የለውም አልልህም። መኪና ኩርባ ሲገባ ክብደቱ ወደ ውጪኛው ጎማ ይሄዳል። ምን ያህል እንደሚሄድ የሚወስነው ኩርባው የሚያመጣው ጉልበት፣ በግራና በቀኝ ጎማ መካከል ያለው ስፋትና የመኪናው የክብደት ማዕከል ከመሬት ያለው ከፍታ ነው። ማዕከሉ 55 ሴንቲሜትር ላይ ያለን መኪና 3 ሴንቲሜትር ብታወርደው፣ ወደ ውጪ የሚሄደው ክብደት በ5 በመቶ ገደማ ይቀንሳል። ጥቅም ነው፤ ግን 5 በመቶ ነው። የተላጨ ጎማ አውልቆ ደህና ጎማ ማስገባት ከዚህ የበለጠ ለውጥ ያመጣል። ግራይንደርም አያስነሳም።

አሁን ደግሞ የሚጠፋውን እንይ። ቪትዝ ሥር ገብተህ የፊቱን እግር ተመልከት። ሞላውና ሾክ አብዞርበሩ አንድ ላይ ቆመዋል፤ ከታች አንድ ክንድ ይዟቸዋል። ማክፈርሰን ተብሎ የተማርከው አሠራር ነው። መኪናው በፋብሪካው ቁመት ሲቆም ይህ ክንድ ወደ አግድም የቀረበ ነው፤ ወይም በጎማው በኩል በትንሹ ወደ ታች ያዘነብላል። መኪናውን ስታወርደው የጎማው ጫፍ ወደ ላይ ይነሳል። ያኔ መኪናው ሲያዘነብል የሚዞርበት ነጥብ፣ ማለትም ሮል ሴንተሩ፣ ቦዲው ከወረደው በላይ ይወርዳል። በክብደት ማዕከሉና በዚያ ነጥብ መካከል ያለው ርቀት ይሰፋል። ስለዚህ ዝቅ ያለው መኪና ከበፊቱ የበለጠ ማዘንበል ይፈልጋል! ልጆቹ ይህ የማይታያቸው የተቆረጠው ሞላ ስለደረቀ ነው። ድርቀቱን እንደ ጥሩ አያያዝ ይቆጥሩታል።

ሞላው ለምን እንደሚደርቅ ታውቀዋለህ? ሥራ ላይ ያለው 6 ዙር ከሆነና አንዱን ከቆረጥክ 5 ይቀራል፤ ጥንካሬው በ20 በመቶ ይጨምራል። ሾክ አብዞርበሩ ግን ለድሮው ሞላ የተሠራ ነው። አዲሱን መግራት ስለማይችል መኪናው ይነጥራል። ደግሞ የሚጓዝበት ቦታ አለ። ጎማው ወደ ላይ 8 ሴንቲሜትር የሚጓዝበት ቦታ ነበረው እንበል። 5 ብታወርደው 3 ይቀርልሃል። ሦስት ሰው ከኋላ ሲቀመጥ ያቺም ታልቃለች። ከዚያ በኋላ እያንዳንዱ ጉድጓድ መቆሚያውን ላስቲክ ይመታል። ኩርባ መሀል ላይ አንዱ እግር ላስቲኩን ሲመታ ያ እግር በአንድ ጊዜ ድንጋይ ይሆናል፤ ጎማው መሬቱን ይለቃል። ሾፌሩ «ሳላስበው ወጣብኝ» የሚልህ እዚህ ላይ ነው።

አንድ ነገር ነገ ጠዋት ሞክር። ሞላው ተቆርጦ ከተሠራ መኪና አንዱን በክሪክ አንሳውና ጎማው አየር ላይ ይንጠልጠል። እጅህን አስገብተህ ሞላውን ያዝና ለማዞር ሞክር። በእጅህ ከዞረ፣ ወይም ከመቀመጫው ላይ ቅጭልጭል ካለ፣ መኪናው ብሬከር ላይ ሲዘልም እንዲሁ ነው የሚሆነው። ሲያርፍ ሞላው ቦታውን ስቶ ሊቀመጥ ይችላል። ከዚያ መዳፍህን በጎማው ውስጠኛ ጠርዝ ላይ ወዲያና ወዲህ አሳልፈው። በአንድ አቅጣጫ ለስላሳ፣ በሌላው የሚቧጥጥ ከሆነ ቶ፣ ማለትም የጎማዎቹ ፊት ወደ ውስጥ ወይም ወደ ውጪ የሚዞርበት ልክ፣ ተዛብቷል ማለት ነው። ውስጡ ተላጭቶ ውጪው አዲስ ከመሰለ ካምበሩንም፣ ማለትም ጎማው ከላይ ወደ ውስጥ ወይም ወደ ውጪ የሚያዘነብልበትን ልክ፣ ጠርጥር። ቪትዝ ላይ ቶ ይስተካከላል፤ ካምበር ግን የፋብሪካው ብሎን ብዙ አያላውስም። ስለዚህ ዊል አላይመንት ተሠራለት ማለት ሁሉም ተፈታ ማለት አይደለም።

ሞላውን በእሳት አሙቀው የሚያስቀምጡም አሉ። እሱን እንኳ አልከራከርበትም። ብረቱ በሙቀት የተሰጠውን ጥንካሬ በሙቀት ታጠፋበታለህ፤ አንድ ቀን ይሰበራል። አትንካው።

«ታዲያ የውድድር መኪናዎች ለምን ዝቅ ይላሉ?» ትለኛለህ። የሚሮጡት እንደ ጠረጴዛ በተስተካከለ አስፋልት ላይ ነው፤ ክንዱም ሮል ሴንተሩም ለዚያ ቁመት ታስቦ ነው የተሠራው። ከእኛ ጋር የሚመሳሰል ውድድር ካስፈለገህ ጎረቤታችን ኬንያን ተመልከት። እ.ኤ.አ. በ1953 የተጀመረው የሳፋሪ ራሊ በ2021 ወደ ዓለም ሻምፒዮናው ተመልሷል። እዚያ የሚወዳደሩት መኪኖች ከፍ ተደርገው፣ ለጎማው ረጅም መጓዣ ተሰጥቷቸው ነው አቧራና ድንጋይ ላይ የሚበሩት። እነዚያው መኪኖች አስፋልት ውድድር ሲሄዱ ደግሞ ይወርዳሉ። አያያዝ ማለት ጎማው መሬቱን አለመልቀቁ ነው። ምን ያህል ቁመት እንደሚያስፈልግ የሚነግርህ መንገዱ ነው።

የአንተ ደንበኛ መንገድ ደግሞ የትኛው ነው? ከማርቆስ ተነስቶ ደጀንን አልፎ ዓባይ በረሃን ይወርዳል። መሬቱ ስለሚንሸራተት አስፋልቱ የጎበጠበትንና የተሰነጠቀበትን ታውቃለህ። ቁልቁለቱ ላይ ፍሬን ሲያዝ ክብደት ወደ ፊት ይመጣል፤ የተቆረጠው ሞላ ያለውን መጓዣ ያኔ ይጨርሳል። ከሞተሩ ሥር ያለው የዘይት መያዣ ኮፓ ከመሬት ጋር የሚተዋወቀውም እንደዚህ ባለ ቦታ ነው።

ለመልክ ብሎ መኪና ማሠራት ነውር አይደለም። ይህን የምልህ አሠሪዎች «የቅብጠት ሥራ» እያሉ ሲንቁት ስለምሰማ ነው። ሰው ለጋቢው ጥለት ይከፍላል፤ ለመኪናው ቢከፍል ምን ክፋት አለው? አሜሪካ ካሊፎርኒያ ውስጥ የሜክሲኮ ተወላጆች መኪናቸውን መሬት እስኪነካ አውርደው በዝግታ የሚነዱበት ባህል አላቸው። እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ መጨረሻ ሕጉ የትኛውም የመኪና ክፍል ከቸርኬው የታችኛው ጠርዝ በታች እንዳይወርድ ከለከለ። ሮን አጊሬ የሚባል ወጣት ምን አደረገ? ከአውሮፕላን የተረፉ የሃይድሮሊክ ዕቃዎችን ኮርቬት መኪናው ላይ ገጠመ። ሲቆም ያወርደዋል፤ ፖሊስ ሲያይ ከፍ ያደርገዋል። እነዚህ ሰዎች «በኩርባ ይይዛል» ብለው አይዋሹም። ለዓይን ነው ይላሉ፤ ለዓይንም ጥንቅቅ አድርገው ይሠሩታል።

አንተም ደንበኛው ሲመጣ መሣሪያ ከማንሳትህ በፊት ጠይቀው። «ለመልክ ነው ወይስ ለአነዳድ? ከከተማ ትወጣለህ? ከኋላ ማን ይቀመጣል?» ለመልክ ከሆነ ቸርኬ አለ፣ ቀለም አለ፣ በጎንና ከፊት ፓራውልት ሥር የሚገጠም ፕላስቲክ አለ። ያ ፕላስቲክ ሞላው ሳይነካ መኪናውን ዝቅ ያለ ያስመስለዋል። ብሬከር ቢሰብረው እንኳ ከኮፓ ይረክሳል። ለአነዳድ ከሆነ ጎማውን፣ የክንዱን ጎሚኒዎች (መጋጠሚያው ላይ ያሉትን ላስቲኮች)፣ ሾክ አብዞርበሩን፣ አላይመንቱን በቅደም ተከተል አይተህ አስተካክልለት። አብዛኛው «አይዝም» የሚለው መኪና የሚድነው እዚህ ነው። ይህን ሁሉ ሰምቶ አሁንም ማውረድ ከፈለገ፣ ለመኪናው የተሠራ አጭር ሞላ ከተስማሚ ሾክ ጋር ያስመጣ፤ ከ2 እና 3 ሴንቲሜትር አትለፍለት።

አሁን ወደ መጀመሪያው ጥያቄህ። ባሕር ዳር ሄደህ መኪና በማውረድ ብቻ ቤት መክፈቱን አልመክርህም። ገበያው ጠባብ ነው። ወጣቱ አንዴ ያሠራል፤ ከዚያ ጎማው ሲበላበት ይረግምሃል። ለማስመለስ ሲመጣም የቆረጥከውን መቀጠል አትችልም።

የጎጃም ትልቁ ገበያ በተቃራኒው ያለ ይመስለኛል፤ ከፍ ማድረግ ላይ። ከቢቸና ጤፍ፣ ከቡሬ በቆሎ የሚጭነውን ፒክአፕና አይሱዙ አስበው። ባለቤቱ ብዙ ጭነት እንዲችልለት ባሌስትራ፣ ማለትም የተደራረበ የብረት ሞላ፣ ይጨምርበታል። ይህ ከሞላ ቆረጣው ጋር ያው ዕውቀት ነው፤ አቅጣጫው ብቻ ነው የተገለበጠው። ብዙ ፒክአፖች ከኋላ አክሰሉ አጠገብ በቀጭን ዘንግ የተያያዘ የፍሬን ቫልቭ አላቸው። ቫልቩ ጭነትን የሚያውቀው በሻሲውና በአክሰሉ መካከል ባለው ርቀት ነው። ባሌስትራ ጨምረህ ሻሲውን ከፍ ስታደርገው ቫልቩ «ባዶ ነው» ብሎ ያስባል። ለኋላው ጎማ የሚሰጠውን ፍሬን ይቀንሳል፤ መኪናው ግን ከነጭነቱ ቁልቁለት ላይ ነው። ዝቅ ስታደርገው ደግሞ «ተጭኗል» ብሎ ለኋላው ያበዛል፤ ባዶውን ሲሄድ የኋላ ጎማ ይቆለፋል። ባሌስትራ የሚጨምረው ሰው ብዙ ነው። ቫልቩን አብሮ የሚያስተካክል መካኒክ ብትሆን ግን ሾፌሮች ራሳቸው ይፈልጉሃል። ሾፌር ለሾፌር ይነግራል፤ ማስታወቂያ አያስፈልግህም።

ስለዚህ ምክሬ ይኸው ነው። የእግር ሥራን ሙሉውን ያዘው፤ ሞላ፣ ባሌስትራ፣ ሾክ፣ ቦል ጆይንት፣ ታይሮድ፣ አላይመንት። ባሕር ዳር መሄድህ ካልቀረ፣ ቤት ለመክፈት ሳይሆን የአላይመንት ማሽን ያለው ጋራዥ ውስጥ ተቀጥረህ ለመሥራት ሂድ። ደመወዙ አሁን ከምታገኘው ቢያንስም ተቀበል። ማሽኑ የሚያወጣውን ወረቀት ማንበብ እስክትችል፣ ቁጥሩን አይተህ የትኛው ዕቃ እንደታጠፈ እስክትናገር ቆይ። የሠራኸውን መኪና ቁመት ከቸርኬው መሀል ከጎማው በላይ እስካለው የፓራፋንጎ ጠርዝ በሜትር እየለካህ፣ ከሥራ በፊትና በኋላ በደብተር ጻፍ። ለሥራ ስትወዳደር ከሲኦሲው ወረቀት ጎን የምታስቀምጠው እሱን ነው። የአውቶቡስ ማኅበር ወይም የመሥሪያ ቤት ጋራዥ ኃላፊ እንዲህ ያለ ደብተር ይዞ የሚመጣ አመልካች ብዙ አያገኝም።

አንድ ነገር ልጨምር። መንግሥት በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪናዎች እንዳይገቡ ከልክሏል፤ የሚገቡት በኤሌክትሪክ የሚሠሩት ናቸው። የሞተር ሥራ ላይ ብቻ ያሉ ጓደኞችህ ቢያስቡ አይፈረድባቸውም። የኤሌክትሪክ መኪና የሞተር ዘይት የለውም፤ እግር ግን አለው። ባትሪው ከባድ ስለሆነ ጎማና ጎሚኒ ላይ ጫናው ይበዛል። ባትሪው የሚቀመጠው ደግሞ ወለሉ ሥር ነው። እሱን መኪና ዝቅ ማድረግ ማለት ውዱን ዕቃ ለድንጋይ ማቅረብ ማለት ነው፤ «ቁረጥልኝ» የሚል ከመጣ አሰናብተው። ከሥሩ ከመግባትህ በፊት ግን የከፍተኛ ቮልቴጅ ሥልጠና ውሰድ፤ ብርቱካናማ ሽቦ ያየህበትን ሳትሠለጥን አትንካ።

በመጨረሻ «እንቢ ብል አሠሪዬ ያባርረኛል» ላልከው። ሰው ፊት እንቢ አትበለው። ማታ ሥራ ሲበርድ አንዱን የተቆረጠ መኪና በክሪክ አንሳና ጥራው። «ጋሽዬ፣ እስቲ ይችን ሞላ በእጅዎ ይያዟት» በለው። ሞላዋ በእጁ ስትዞር እሱም መካኒክ ነው፣ ይገባዋል። ከዚያ የቸርኬውንና የፕላስቲኩን ሐሳብ አምጣለት፤ ገቢው እንደማይቀርበት በቁጥር አሳየው። አሁንም ቁረጥ ካለህ፣ ያን መኪና ሌላ ሰው ይሥራው፤ አንተ በዚያው ሳምንት ባሕር ዳር ስልክ መደወል ጀምር።