ቁልፉን ሳዞር ቀጭ ብቻ፣ ሞተሪኖ ልቀይር ወይስ ስዊቹን?

ጥያቄ፦ ጋሼ እንደምን ሰነበቱ፣ የምጽፍልዎት ከፍኖተ ሰላም ነው። የፈረንጅ 1988 ሞዴል ናፍጣ ሃይሉክስ አለችኝ፣ ከቡሬ በርበሬ ከኛ አካባቢ ደግሞ በቆሎ እየጫንኩ ልጆቼን የማሳድግባት እሷው ነች። አምና በጋ ከአዲስ አበባ ስመለስ የአባይን በረሃ ወጥቼ ደጀን ላይ ቡና ልጠጣ አቆምኳት፣ ስመለስ ቁልፉን ባዞረው ባዞረው አንዴ ቀጭ ትልና ዝም ነው። የዳሽቦርዱ መብራት አለ፣ ክላክሱም ይጮሃል፣ ሞተሩ ግን ንቅንቅ የለም። ግማሽ ሰዓት ቆይቼ ስሞክራት ምንም እንዳልነበረች ተነሳች። ከዛ ወዲህ ጠዋት ጠዋት ደህና ነች፣ ስትሞቅ ነው እምቢ የምትለው፣ ተገፍታ ግን ወዲያው ነው የምትነሳው። ጋራዥ ወሰድኳት፣ ሞተሩን የሚያስነሳው ሞተሪኖ ሞቷል ተባልኩ፣ ያገለገለ ገዝቼ አስገባሁ፣ ሁለት ሳምንት ሰራችና ያው ሆነች። አሁን ደግሞ የቁልፉ ስዊች ነው ቀይረው እያሉኝ ነው። ብሩም አለቀብኝ ጋሼ፣ ምን ይሻለኛል?

መልስ፦ ወንድሜ፣ እባክህ አሁን ምንም ነገር እንዳትገዛ። የጻፍከውን ሁለት ጊዜ አነበብኩት፣ ግማሹ መልስ እዛው ውስጥ አለ። ተገፍታ የምትነሳ ከሆነ ሞተሩም ናፍጣውም ደህና ነው ማለት ነው፣ ጣጣው ከባትሪው እስከ ሞተሪኖው ባለችው መንገድ ላይ ነው፣ እሷ ደግሞ አጭር መንገድ ነች፣ ተራ በተራ ከሄድክባት ትገኛለች።

መጀመሪያ ያለ ምንም መሳሪያ የምታየው ነገር አለ። እምቢ ባለችህ ሰዓት የፊት መብራቱን አብራና ቁልፉን አዙር፣ ሰው ፊት ለፊት ቆሞ መብራቱን ይይልህ። መብራቱ ሊጠፋ እስኪደርስ ከደከመ ባትሪው ነው ወይ ተርሚናሉ አልያዘም። መብራቱ ቦግ እንዳለ ሆኖ ቀጭ ብቻ ካለ ግን ኃይሉ ሞተሪኖው ውስጥ አልገባም። አንዴ ሳይሆን ቀጭ ቀጭ ቀጭ እያለ የሚደጋግም መኪና ካጋጠመህ ደግሞ ከሁሉ በፊት ባትሪውን ጠርጥር።

ከዛ ቮልት የሚለካ መልቲሜትር ተዋስ፣ ከሌለ ኤሌክትሪሻን ፈልግና አብረህ ቁም። ባትሪው አድሮ ጠዋት 12.6 ቮልት አካባቢ ካሳየ ሙሉ ነው፣ ወደ 12 ከወረደ ባዶ ሊሆን ነው። ሞተሩ ሲሽከረከር ከ9.6 በታች መውረድ የለበትም። ማሳውን፣ ማለትም ወደ ባትሪው ኔጌቲቭ የሚመለሰውን መስመር ደግሞ አደራ፣ ብዙ ሰው የሚረሳው እሱን ነው። አንዱን የመልቲሜትር ጫፍ ባትሪው ኔጌቲቭ ላይ ሌላውን ሞተሪኖው ሰውነት ላይ ያዝና ቁልፉን አስዞር፣ ከግማሽ ቮልት በላይ ካሳየህ ከባትሪው ወደ ሞተሩ የሚሄደው የማሳ ካቦ ቆሽሿል ወይ ዝጓል። በኛ አገር የክረምት ጭቃ ከስር ገብቶ እዛው ይደርቃል፣ ከላይ ሲታይ ንጹህ ይመስላል፣ ብሎኑን ፈትተህ ስታየው ነው ዝገቱ የሚወጣው። በብርጭቆ ወረቀት ፍቀህ እንደገና አጥብቀው።

አሁን ዋናው ጋ መጣን፣ ስዊቹ ነው ወይስ ሞተሪኖው ለሚለው። ሞተሪኖው ራስ ላይ ሁለት መስመር ይገባል፣ አንዱ ወፍራም ካቦ ነው ቀጥታ ከባትሪ የሚመጣ፣ አንዱ ቀጭን ሽቦ ነው ከቁልፉ ትእዛዝ የሚያመጣ፣ ብዙ ጊዜ 50 ቁጥር የተጻፈበት። ሰው ቁልፉን እስከ መጨረሻው አዙሮ ይያዝልህ፣ አንተ ቀጭኗ ሽቦ ላይ ለካ። ከባትሪው ብዙ ያልራቀ ቮልት እየደረሰ ቀጭ ብቻ ካለ ስዊቹ ምንም ጥፋት የለበትም። 7 ወይ 8 ቮልት ብቻ ከደረሰ ደግሞ ባትሪው ላይ በዛው ሰዓት ለካ፣ እሱ ደህና ከሆነ ስዊቹ ውስጥ ያለው መገናኛ ተቃጥሏል ወይ መንገድ ላይ ያለ ሶኬት ላልቷል። ይቺን ሳይለኩ ስዊች ቀይር የሚሉህ ሰዎች ግምት ነው የሚነግሩህ፣ ግምቱን የሚከፍለው ደግሞ አንተ ነህ።

የኔን ግምት ከጠየቅከኝ ኮንታክቱ ነው። የሃይሉክስህ አይነት የጃፓን ሞተሪኖ ሶሌኖይድ ውስጥ፣ ቁልፍ ሲዞር ብረት በማግኔት የሚስበው ክፍል ማለት ነው፣ ኮንታክት የሚባሉ ሁለት የመዳብ ቁራጮች አሉ፣ ቁልፍ ባዞርክ ቁጥር ብረቱ ይሳብና ሁለቱን ያገናኛቸዋል፣ በያንዳንዱ ጊዜ ትንሽ ይቃጠላሉ፣ ከዓመታት በኋላ አንደኛው በተለይ በባትሪው በኩል ያለው ተበልቶ ያልቃል። ብረቱ ቀጭ ብሎ ይመጣል ግን መዳቡን አይነካም። ያገለገለው ሞተሪኖ ሁለት ሳምንት ሰርቶ የተወህም ለዚህ ይመስለኛል፣ ያንኑ በሽታ ነው ገዝተህ ያስገባኸው። መጀመሪያ የባትሪውን ኔጌቲቭ ፍታ፣ ሞተሪኖውን አውርድ፣ የኋላውን ክብ ክዳን ክፈትና እያቸው። ካለቁ ሁለቱንም ባንዴ ቀይር፣ የሚነካቸው ብረት ላይ ያለው መዳብም ከተጎዳ እሱንም። መፋቅ ለጥቂት ቀን ያቆይህ ይሆናል እንጂ መፍትሄ አይደለም። አዲሶቹ ሲታሰሩ እኩል መቆማቸውን እይ፣ አንዱ ካዘነበለ ልፋትህ ሁሉ በከንቱ ነው። የኮንታክት ዋጋ ደግሞ ከሞተሪኖ ዋጋ ጋር የሚወዳደር አይደለም። የድሮውን ሞተሪኖህን ካልጣልከው እሱንም ክፈተው፣ ምናልባት ጤነኛ ነው።

ስትሞቅ ለምን ትብሳለች ላልከው፣ የአባይ በረሃ ዳገት ከ1000 ሜትር በላይ ነው፣ በከባድ ማርሽ ስትወጣው ሞተሩ ይግላል፣ ደጀን ደርሰህ ስታጠፋው ነፋስ የለም፣ ያ ሙቀት ሁሉ ሞተሪኖው ላይ ይቀመጣል። መዳብ ሽቦ ሲሞቅ ኃይል ማሳለፍ ይከብደዋል፣ 60 ዲግሪ ቢጨምርበት መከላከሉ በሩብ ገደማ ከፍ ይላል። ጠዋት በጭንቅ የሚስበው ሶሌኖይድ ከሰዓት አቅም ያጣል። ቀጭኗ ሽቦ ላይ ቮልቱ ትንሽ ደካማ ሆኖ ካገኘኸው አንድ ሪሌ፣ በትንሽ ኃይል ታዞ ትልቁን መስመር የሚያገናኝ እቃ፣ አስገባ፣ ከባትሪ በፊውዝ ቀጥታ መስመር ይምጣለት፣ የድሮው የቁልፍ ሽቦ ሪሌውን ብቻ ያዝዘው፣ ስዊቹም ያርፋል።

አንድ ነገር አጥብቄ ልንገርህ። ካቻቢቴ ይዞ ሞተሪኖውን ከስር በማገናኘት የሚያስነሳ ሰው ብዙ ነው። ማርሽ ውስጥ ካለች መኪናዋ በሰው ላይ ትሄዳለች። ግድ ከሆነብህ ማርሹ ነጻ፣ የእጅ ፍሬን ተስቦ፣ ጎማው ስር ድንጋይ፣ ፊቷ ማንም ሳይቆም። ልጆች ሲገፉልህም ዳገት ላይ ከኋላ አታቁማቸው።

ጥያቄ፦ ከቡሬ ነው፣ አስተማሪ ነኝ። የቤንዚን ኮሮላ ዲኤክስ ነው ያለኝ፣ ቁልፉን ስይዘው ሞተሩ ይነሳል፣ እጄን ስለቀው ወዲያው ይጠፋል። ቤንዚን አለው። ምን ይሆን?

መልስ፦ እህቴ፣ ሞተሪኖሽ ደህና ነው፣ እሱን አታስነኪው። ቁልፉ ሲለቀቅ ወደ ኋላ ተመልሶ የሚቆምበት ቦታ ላይ ስዊቹ ለኮይሉ፣ ለካንዴላው እሳት ለሚያመነጨው እቃ፣ ኃይል መስጠት አቁሟል ማለት ነው። ቁልፉን ከለቀቅሽው በኋላ እዛው እንዳለ ትንሽ ወደፊትና ወደኋላ ነቅነቅ አድርጊው፣ በዛ መሀል ሞተሩ ካልጠፋ ስዊቹ ነው። ስዊቹ ከቁልፉ ጉሮሮ የተለየ እቃ ነው፣ ብዙ ጊዜ ለብቻው ይፈታል፣ ሙሉውን ግዢ ካሉሽ መጀመሪያ ጠይቂ። አንዳንድ የድሮ መኪና ላይ ደግሞ ከኮይሉ አጠገብ ትንሽ ሬዚስተር አለ፣ እሱ ከተቃጠለም ልክ እንደዚሁ ነው የሚያደርገው፣ ስዊቹን ከመቀየርሽ በፊት እሱን አስለኪ። ቁልፉ ላይ የቤት፣ የቢሮና የቁምሳጥን ቁልፍ ሁሉ ካንጠለጠልሽበት ደግሞ ዛሬውኑ ለይው፣ ያ ክብደት በየጉድጓዱ ሲወዛወዝ ጉሮሮውን ይበላዋል።