ኮምቦልቻ በወር ስንት ብር ይበቃል?

ሰሞኑን የአንድ ጓደኛዬ ልጅ በቴሌግራም ጻፈችልኝ። ሐዋሳ ተምራ የጨረሰች ልጅ ናት። ኮምቦልቻ ኢንዱስትሪ ፓርክ ውስጥ ሥራ አግኝታለች። «ጋሼ፣ ኮምቦልቻ ለአንድ ሰው በወር ስንት ብር ይበቃል?» አለችኝ። በቃ፣ ይኸው ነው። ሰላምታም በቅጡ የለውም። የዛሬ ልጆች እንዲህ ናችሁ፣ ቀጥታ ወደ ጉዳዩ።

ቁጥር ልጽፍላት ጀመርኩና ተውኩት። የዛሬ ወር ዋጋ ለመጪው ወር አይሠራም። በሐምሌ 2016 የብር ምንዛሪ ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ እኔ ራሴ የዘይት ዋጋ ሲነገረኝ ባለሱቁን ደግሜ ነው የምጠይቀው። እውነቱን ለመናገር ግን ያስቆመኝ የዋጋው ነገር አይደለም። አንድ ልጅ ትዝ አለኝ። ዛሬ በሕይወት ካለ ስልሳን አልፏል። ለእኔ ግን ያው ልጅ ነው።

ነገሩ በ1970ዎቹ መጨረሻ ነው። ደሴ ውስጥ አንድ መሥሪያ ቤት ሂሳብ ክፍል ነበርኩ። ያኔ ከዩኒቨርሲቲ የወጣ ሰው ሥራ ፍለጋ አይዞርም፣ መንግሥት ይመድበዋል። ልጁ ድሬዳዋ ተወልዶ ያደገ ነው። ምደባው ደሴ ሆነ። የደረሰው በጥቅምት፣ የጦሳ ተራራ ብርድ በሚብስበት ወር ነው። የለበሰው ስስ ጃኬት ነበር። የቢሮው ሰው ሁሉ ሳቀ። እኔም ስቄያለሁ።

ዲግሪ ይዞ የሚቀጠር ሰው መነሻ ደሞዙ 500 ብር ነበር። እኔ በዲፕሎማ የጀመርኩት በ347 ነው፤ እሱ ሲመጣ ዓመታት አገልግዬም ገና 500 አልደረስኩም። ሚስትና ልጆች አሉኝ። እሱ ብቻውን ነው። እንግዲህ ሂሳብ የሚያውቅ ሰው ይህን ሲያይ «ይሄ ልጅ ሊከብር ነው» ይላል። እኔም ብያለሁ።

ፒያሳ አካባቢ አንዲት ክፍል ተከራየ። ቤቱ የቀበሌ ነው፣ እሱ የገባው ደባል ሆኖ ነው። ደባል ስትሆን ደግሞ በቀበሌው መዝገብ ላይ አባወራ አይደለህም። የቀበሌ ሱቅ ስኳርና ሳሙና በኩፖን ሲያድል ስምህ የለም። ስለዚህ ያንኑ ስኳር ከውጭ ነጋዴ በውድ ትገዛለህ። ይህን ለአዲስ መጤ የሚነግረው የለም። ሁሉም የሚያውቀው ነገር ስለሆነ ማንም አያነሳውም።

ምሳና እራት ሆቴል በኮንትራት ይበላል። ቁርስ ሻይ በዳቦ። ብርዱ ሲጠናበት ከሰል መግዛት ጀመረ፤ የሚገዛው ግን በመደብ ነው፣ ለአንዲት ምሽት የምትሆን። ማዳበሪያ ሙሉ ከሰል የሚገዛበት ገንዘብ በእጁ የለም፤ ቢኖረውም ማስቀመጫ የለውም። ድሬዳዋ ደግሞ እናቱ አሉ። ለሳቸው ይልካል። ይህን ያወቅኩት በኋላ ነው።

እኔ የሠራተኛውን መረዳጃ ሣጥን እይዝ ነበር። ወሩ እኩሌታ ላይ ሲደርስ ልጁ ይመጣል። በሩን ገፋ ያደርግና ሌላ ሰው መኖር አለመኖሩን ያያል። ሰው ካለ ይመለሳል። ከሌለ ይገባና ቆሞ «ጋሼ፣ ትንሽ ብድር…» ይላል። እሰጠዋለሁ፣ ይፈርማል። ደሞዝ ሲወጣ ይከፍላል። በሚቀጥለው ወር እንደገና። ፊርማው ያምር ነበር፣ ረጅም፣ መጨረሻው ላይ የሚጠቀለል። ብድሩ እያደገ ሲሄድ ፊርማው እያጠረ መጣ።

በቢሮው ወሬ ተነሳ። አንዱ «ጫት ነው» አለ፣ ድሬዳዋ ስለሆነ ብቻ። ሌላው «ሴት ይዞ ነው»። እኔ ዝም አልኩ። የሰው ገንዘብ ምስጢር ነው ብዬ ነው ዝም ያልኩት፤ ለራሴ ያልኩት እንደዚያ ነው። ዛሬ ሳስበው ግን ሌላም ነገር ነበረበት። ከኔ የበለጠ የሚያገኝ ልጅ ከኔ ሲበደር ማየቱ ብዙም አልከፋኝም።

በጥር አንድ ሰኞ ልጁ ሥራ አልገባም። ማክሰኞም የለም። ምደባ ጥሎ መሄድ ያኔ ቀላል ነገር አይደለም፣ ማንም ያደርገዋል ብሎ አልጠረጠረም። ከቀናት በኋላ አከራይቱ ቢሮ መጡ። ሻሻቸውን ያሰሩ፣ ወፈር ያሉ የደሴ እናት ናቸው። ኪራይ ቀርቶባቸው ይሆናል ብዬ መዝገቤን ሳብኩ።

«የኪራዩን ነገር ተወው ልጄ» አሉኝ። «ልጁ የት ገባ? ሌሊት ሌሊት ሲያስል እሰማለሁ። ኩራተኛ መስሎኝ ነበር፣ ግባና እሳት ሙቅ ብለው እምቢ አለ። እኔ ዘወትር እጋግራለሁ። ምነው አንድ ቀን ‹እትዬ ራበኝ› ቢለኝ? እንጀራ አንሶን ነው?»

መልስ አልነበረኝም። በኋላ አንድ ሾፌር እንደነገረን ልጁን ኮምቦልቻ ላይ አሰብ በሚሄድ ጭነት መኪና ላይ ሲሳፈር አይቶታል። ያኔ አሰብ ወደብ የቀን ሥራ አይጠፋም ነበር። ከዚያ ወዲህ የሰማሁት ነገር የለም።

የሚቆጨኝ ይሄ ነው። ልጁ ማወቅ የነበረበትን ሁሉ አውቀው ነበር። ባለቤቴ ከሱ ባነሰ ደሞዝ ስንት ሰው እንደምታበላ በየቀኑ እያየሁ ወደ ቤት እገባለሁ። ጤፍና ማሽላ ቀላቅላ ነው የምትጋግረው። ማሽላው ከቃሉና ከሐርቡ በኩል ይመጣል፤ በኅዳር በታኅሣሥ፣ ምርቱ ገና ከአውድማ ሲነሳ ትገዛለች። ጤፉን በጥር። በርበሬ ዛላውን በወቅቱ ገዝታ ቀንጥሳ ታስቀምጣለች። ሐምሌና ነሐሴ ሲመጣ፣ ገበያው እሳት ሲሆን፣ እኛ ቤት እህል አለ። ሰኞ ገበያ ስትሄድ እኔ ከረጢት ተሸክሜ እከተላለሁ። አንድ ጊዜ አንዲት ገበሬ ጋር ስለ ገብስ ስትከራከር ቆይታ፣ በመጨረሻ ሁለቱም ተሳስቀው ቡና ሊጠጡ ተያይዘው ሄዱ፣ እኔን ገብሱን አስታቅፈው። አላህ ይማራት፣ ገበያ ስትወድ!

ይህን ለልጁ መንገር የአንድ ቡና ጊዜ ይወስድ ነበር። ቅዳሜ ቤት ና፣ ምሳ ብላ ማለትም ይቻል ነበር።

ስለዚህ ለልጅቷ ልመልስላት የነበረውን ለሁላችሁም እጽፋለሁ። ስለ ቁጠባ አልነግራችሁም፣ እናቶቻችሁ ነግረዋችኋል።

አዲስ ቦታ ስትሄዱ ገንዘቡን የሚጨርሰው ኪራዩ ይመስላችኋል። ኪራይ ቢያንስ ቁጥሩ ይታወቃል። የሚጨርሳችሁ ችርቻሮ ነው። ዘይት በትንሽ ኮዳ፣ ከሰል በመደብ፣ ሽንኩርት በግማሽ ኪሎ፣ እንጀራ በነጠላ። ብቸኛ ሰው ሁሉን ነገር በውድ ይገዛል፣ በብዛት የሚገዛበት ምክንያት ስለሌለው። መፍትሔው ሰው ነው። ሦስት ሆናችሁ አንድ ኩንታል ጤፍ ግዙ፣ ወፍጮ ቤት አብራችሁ ሂዱ፣ ጋጋሪ አብራችሁ ቅጠሩ። ደግሞ የዛሬ ልጆች በዚህ ከኛ ትሻላላችሁ። እኛ ደባልነት ያሳፍረን ነበር፣ እናንተ አራት ሆናችሁ ቤት ትይዙና ወጪውን በስልክ ትካፈላላችሁ። ከፊሎቻችሁ ማለቴ ነው። ከፊሎቻችሁ ደግሞ ክፍላችሁን ፎቶ ለማንሳት የምታወጡት ለምግብ ከምታወጡት ይበልጣል።

ቤት ስታዩ ስለ ቆጣሪው ጠይቁ። ይሄን ብዙ ሰው አያስተውለውም። የመብራት ታሪፍ በእርከን ነው። በወር እስከ 50 ኪሎዋት ሰዓት የሚጠቀም ቤት ዝቅተኛውን ዋጋ ይከፍላል፤ ፍጆታው ሲጨምር የእያንዳንዱ ኪሎዋት ዋጋም ከፍ እያለ ይሄዳል። አንድ ግቢ ውስጥ አምስት ተከራይ በአንድ ቆጣሪ ሲጠቀም፣ ለመንግሥት የሚታየው እንደ አንድ ትልቅ ቤት ነው። እናንተ አንድ አምፖልና ስልክ ብቻ ብትጠቀሙም የምትከፍሉት በባለ ምጣዱ እርከን ነው። የራሱ ቆጣሪ ያለው ክፍል በኪራይ ትንሽ ቢወደድም አስቡበት። ከሌለ፣ ሂሳቡ በሰው ቁጥር ነው የሚካፈለው ወይስ በዕቃ? ምጣድ ያለው ስንት ይጨምራል? ይሄ ከመግባት በፊት የሚወራ ነው፣ ከገቡ በኋላ ጠብ ነው። ውሃም እንደዚሁ። በተለይ ደሴ ውሃው በስንት ቀን እንደሚመጣ አከራዩን ሳይሆን ጎረቤቱን ጠይቁ። ሮቶ ከሌለ ጀሪካን የሚያመላልስ ሰው መክፈል አለ።

ደሴና ኮምቦልቻ የ25 ኪሎ ሜትር ያህል ርቀት ነው ያላቸው፣ ኑሯቸው ግን ለየቅል ነው። ደሴ ወደ 2,500 ሜትር ከፍታ ላይ ናት፣ ኮምቦልቻ ወደ 1,850 ትወርዳለች። ደሴ ላይ ገንዘባችሁን የሚበላው ከሰል፣ ብርድ ልብስና ወፍራም ካፖርት ነው። ሊጡ እንኳ ቶሎ ኩፍ አይልም። በምትኩ እንጀራው ይቆይላችኋል፣ ወጡም ያድራል። ኮምቦልቻ ሲወርዱ ካፖርቱ ቀረ፣ እንጀራው ግን ቶሎ ይሻግታል፣ የትናንት ሽሮ ዛሬ ይደፋል። ፍሪጅ ከሌላችሁ በትንሽ በትንሹ ማብሰል ነው። አጎበርም ያዙ፣ ወባ አለ። እስካሁን በብዛት ግዙ ስላችሁ ቆይቼ አሁን በትንሹ አብስሉ ማለቴ ነው፤ እህሉን እንጂ ወጡን አላልኩም።

አንዱ ጋ እየኖሩ ሌላው ጋ መሥራት የሚያስቡ አሉ። የሚኒባሱን ብቻ ደምረው «አዋጣ» ይላሉ። ከቤት መናኸሪያ ባጃጅ አለ፣ ከመናኸሪያ ሥራ ቦታ ሌላ ባጃጅ አለ፣ ማታም እንዲሁ። በሁለቱ ከተሞች መሃል ያለው የሐረጎ ዳገት ላይ ጉም ሲወርድ ደግሞ መኪናው ይንፏቀቃል፣ ከመሸ ታሪፉ በሾፌሩ አፍ ነው። ሲርባችሁ መንገድ ላይ ትበላላችሁ፣ እሱም ወጪ ነው። እኔ በበኩሌ ሥራው ያለበት ከተማ ኑሩ እላለሁ። ደሴን እወዳታለሁ፣ ግን ቅዳሜ ይበቃታል።

አከራይ የስድስት ወር ኪራይ በአንዴ አምጡ ካላችሁ፣ የመኖሪያ ቤት ኪራይ አዋጅ ቁጥር 1320/2016 የሚባል እንዳለ እወቁ። ቅድመ ክፍያው ከሁለት ወር እንዳይበልጥ፣ ውሉም ከሁለት ዓመት እንዳያንስ ይላል። በክልል ከተሞች የት የት እንደሚሠራ የሚወስነው ክልሉ ስለሆነ፣ ከመከራከራችሁ በፊት ቀበሌ ጎራ በሉ። ፓርኩ በ2009 ከተመረቀ ወዲህ ኮምቦልቻ ቤት ፈላጊው ብዙ ነው፣ ደላላውም ሞልቷል። የደላላውን የሚከፍለው ማን እንደሆነ ቤቱን ሳታዩ በፊት ተነጋገሩ።

ብድር ዛሬ የማንንም ፊት ማየት አይጠይቅም። ቴሌብር መላ አለ፣ ስልካችሁን ነካ ስታደርጉ ገንዘቡ ይገባል። ጥሩ ነው፣ ያ ልጅ በር ላይ ቆሞ የሚሳቀቀውን አስቀርቷል። ግን እሱን ቢያንስ አንድ ሰው ያየው ነበር፤ እኔ አይቼ ዝም አልኩ እንጂ። እናንተን የሚያየው ስልካችሁ ብቻ ነው። በተከታታይ ወራት እኩሌታ ላይ ከተበደራችሁ ለአንድ ሰው ንገሩ። ደሞዛችሁ ስንት እንደሆነ ግን ለማንም አትንገሩ። አዎ፣ እርስ በርሱ ይጋጫል፣ አውቃለሁ። «ቸግሮኛል» ማለትና «ይህን ያህል አገኛለሁ» ማለት ለየብቻ ነው።

ወሎ ውስጥ ቸግሮኛል ያለ ሰው የሚሰማው መልስ «አብሽር» ነው። ከአብሽር ቀጥሎ ሰሃን ይመጣል። ቡና ሲጠሯችሁ ሂዱ። ሥራ አለብኝ አትበሉ። ጤፍ መቼ እንደሚረክስ፣ የትኛው ባለ ከሰል ማዳበሪያውን አመድ እንደሚሞላ፣ የትኛው አከራይ ማታ በር እንደሚቆልፍ የሚወራው እዚያ ነው። በተጠራችሁ ቁጥር ባዶ እጅ አትሂዱ፣ ሩብ ኪሎ ስኳር ይበቃል። እድር ግቡ፣ ወርሃዊ መዋጮው ትንሽ ነው። ለፋሲካም ለአረፋም ከጎረቤት ጋር ቅርጫ ግቡ፣ ኪሎ ሥጋ ከሉካንዳ ከመግዛት ይረክሳል፣ ጉበቱንም ታገኛላችሁ።

ዕቃ በመጀመሪያው ወር አትግዙ። ፍራሽ፣ አንድ ድስት፣ ሁለት ሰሃን፣ አንዱ ለእንግዳ። ምጣዱ ይቆይ፣ መጀመሪያ ግቢው ውስጥ ማን እንደሚጋግር እዩ።