ቦክስ ጊታሬ በስፒከር ሲወጣ ለምን ይለወጣል?

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ባሕር ዳር ሐይቁ ዳር ባለ አንድ መዝናኛ ማታ ማታ እዘፍናለሁ። እኔ ቦክስ ጊታር፣ ጓደኛዬ ማሲንቆ ይዘን ነው። ጊታሬ የብረት ክር ነው። ሳድሉ (ክሮቹ የሚያርፉበት ቀጭን ዘንግ) ሥር የተገጠመ ፒክአፕ (ንዝረቱን ወደ ኤሌክትሪክ የሚለውጥ ዕቃ) አለው፣ ባትሪ ግን የለውም፤ ገመዱን በቀጥታ ሚክሰሩ ላይ እሰካለሁ። ቤት ውስጥ ሞቅ ያለው ድምፅ እዚያ ሲደርስ ቀጭንና ፕላስቲክ የሚመስል ይሆናል። የትኛውን ፒክአፕ ልግዛ?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ፒክአፑን ከመለወጥህ በፊት ፕሪአምፕ ግዛ፤ በፒክአፑና በሚክሰሩ መካከል የሚገባ ትንሽ ማጉያ ነው። ያንተ ዓይነት ፒክአፕ የኤሌክትሪክ መቋቋሙ (ኢምፔዳንሱ) 1 ሜጋ ኦም ወይም ከዚያ በላይ የሆነ መግቢያ ይፈልጋል። የሚክሰር የላይን መግቢያ አብዛኛውን ጊዜ ከዚያ በጣም ያነሰ ነው፤ በዚህ የተነሳ ወፍራሙ ድምፅ መንገድ ላይ ይቀራል። ቅጥነቱ ከዚህ ነው የመጣው።

ፕላስቲክነቱ ግን የፒክአፑ ጠባይ ነው። ሳድል ሥር ያለ ፒክአፕ የሚሰማው ክሩ ሲጫነው ነው፤ የእንጨቱን እስትንፋስ እምብዛም አያገኝም። ትዝታ በጣትህ ቀስ ብለህ ስትጫወት እንኳ ጥፍርህ ክሩን የነካበት ቅጽበት ጎልቶ ይወጣል። ያ ጩኸት ደግሞ ማሲንቆው ከሚዘፍንበት ቦታ ላይ ያርፋል፣ ሁለታችሁም ትጎዳላችሁ። ለጊዜው በሚክሰሩ ኢኪው (የድምፅ ማስተካከያ) ከ1 እስከ 2 ኪሎ ኸርዝ አካባቢ ትንሽ ቀንስለት።

ለውጥ ካልክ ምርጫዬ ከውስጥ፣ ልክ ከብሪጁ (ሳድሉን ከያዘው እንጨት) ሥር የሚለጠፉት ትንንሽ ክብ ፒክአፖች ናቸው። ኬ ኤንድ ኬ ፒዩር ሚኒ የሚባለው ሦስት ክቦች አሉት፣ ባትሪም አይፈልግም። ክሩን ብቻ ሳይሆን እንጨቱን ይሰማሉ፤ ሣጥኑን በመዳፍህ መታ ስታደርግ እንኳ ይወጣል። ለእናንተ ዓይነት ጥንድ የሚስማማው ይሄ ነው። ድራም ያለበት ባንድ ውስጥ ብትሆን ግን የጊታሩ ክብ ቀዳዳ ላይ የሚገጠመውን የማግኔት ፒክአፕ እመክርህ ነበር፣ ፊድባክ (የስፒከሩ ድምፅ ወደ ጊታሩ ተመልሶ መጮህ) በቀላሉ አያነሳም። ማይክ ተወው፤ ከሐይቁ የሚመጣው ነፋስ ይጫወትበታል።

ክቦቹ ትንሽ ቦታ ሲለቁ ድምፁ ይለወጣል። ስለዚህ በመጀመሪያ በሁለት ፊት ማጣበቂያ ለጥፈህ ከማሲንቆው ጋር ስማው። ስፒከሩንም ከፊትህ እንጂ ከኋላህ አታድርግ። ቢያገሳብህ 100 ኸርዝ አካባቢ ቀንስ። ሙጫውን የምታደርገው ጓደኛህም ድምፁን ሲወድልህ ነው። የገመዱ መሰኪያ የጊታሩ ጭራ ላይ 12 ሚሊ ሜትር ገደማ ቀዳዳ ስለሚፈልግ፣ እሱን ለለመደ እጅ ስጠው።